እምቢ ያለውና የፈረመው፦ አርመኖች የጦር ጀግኖቻቸውን እንዴት ያስታውሳሉ



የአርመን ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ሐሙስ አንድ የጦር አዛዥ ታስባለች። ስሙ ቫርዳን ማሚኮንያን ይባላል። በ451 ዓ.ም. አቫራይር በተባለ ሜዳ ላይ ከፋርስ ጦር ጋር ተዋግቶ ወደቀ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በዚያ ጦርነት ከወገኑ የወደቁት 1,036 ናቸው ተብሎ ተጽፏል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ሁሉንም በሰማዕትነት ታስባቸዋለች። በዕለቱ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሊቁ ኔርሴስ ሽኖርሃሊ የደረሰላቸው መዝሙር ይዘመራል፤ ቫርዳን የሚል ስም ያለው ሁሉ እንኳን አደረሰህ ይባላል።

ልብ በሉ፤ ሰውዬው በጦርነቱ ተሸንፏል። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ሕዝቡ በየዓመቱ የሚያከብረው ድል ያደረገበትን ቀን አይደለም። ስለ አርመን የጦር ጀግኖች አነሣሥቶ ያናገረኝ ይህ ነው። በደንብ ስናየው ያ ሕዝብ ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረው እምቢ ብሎ የሞተውን ነው። ተደራድሮ፣ ፈርሞ፣ ሰው አትርፎ በሕይወት የተመለሰው ግን ከመታሰቢያው ጥግ ላይ ይቆማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይቆምም። ይህ ለምን እንደሆነ፣ ምን እንዳተረፈላቸውና ምን እንዳስከፈላቸው ነው የምናገረው።

ከአቫራይር እንጀምር። የፋርሱ ንጉሥ ዳግማዊ ያዝደገርድ አርመኖች ክርስትናቸውን ትተው የእሱን የእሳት አምልኮ እንዲቀበሉ አዘዘ። መኳንንቱ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተጠርተው ሄዱ፤ ለጊዜው የተቀበሉ መስለው ተመለሱ፤ አገራቸው ሲደርሱ ግን አመፁ። ወደ ቁስጥንጥንያ መልእክተኛ ቢልኩም ንጉሠ ነገሥቱ ማርቅያን አልረዳቸውም። የፋርስ ጦር ዝሆኖቹን ይዞ መጣ። ቫርዳን ብዙ መኳንንት አስከትሎ ገጠመውና እዚያው ቀረ።

በዚያው ታሪክ ውስጥ ሌላ ሰው አለ፤ ቫሳክ ሲውኒ። የአርመን አገረ ገዥ ነበር፤ ልጆቹ በፋርስ ቤተ መንግሥት በመያዣነት ተይዘዋል። ኃይሉን መዝኖ ይህ ውጊያ አያዋጣም አለና ወደ ንጉሡ ወገን ዞረ። ታሪክ ጸሐፊው የጊሼ የቫሳክን መጨረሻ፣ በፋርስ እስር ቤት እንዴት ተዋርዶ እንደሞተ፣ ዘግናኝ አድርጎ ይተርከዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቫሳክ ስም ለአርመኖች እኛ ባንዳ እንደምንለው ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ስሞች እስከ ዛሬ አብረው ይነሣሉ፤ አንደኛው ምርቃት ነው፣ ሌላው ስድብ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አይታለፍም። መነኩሴው መስሮፕ ማሽቶትስ የአርመንን ፊደል የቀረጸው በ405 ገደማ ነው። አቫራይር ሲሆን ፊደሉ ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ቫርዳን ፊደሉ ከመቀረጹ በፊት ቢወድቅ ኖሮ ታሪኩን የሚጽፈው የፋርስ ወይም የግሪክ ጸሐፊ ይሆን ነበር፤ ለእነሱ ደግሞ እሱ በጠረፍ አገር ያመፀ አንድ መኮንን ብቻ ነው። የጊሼና ጋዛር ፓርፔትሲ ግን በአርመንኛ ጻፉት፤ የወደቁትን መኳንንት በየስማቸው ዘረዘሩ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ብትተላለፍም መጽሐፉን ካህናቱ ገለበጡት፣ ሣሉት፣ አነበቡት። በ1482 በተጻፈ አንድ የዝማሬ መጽሐፍ ላይ የአቫራይር ውጊያ ከነፋርስ ዝሆኖቹ ተሥሏል። ያ ሥዕል ሲሣል አርመኖች የራሳቸው መንግሥት አልነበራቸውም።

ያ 451 ዓ.ም. ለእኛም እንግዳ ዓመት አይደለም። የኬልቄዶን ጉባኤ የተደረገው በዚያው ዓመት መከር ላይ ነው። አርመኖች ከውጊያው ቁስል ገና አላገገሙም ነበርና በጉባኤው አልተገኙም፤ በኋላም ውሳኔውን አልተቀበሉም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የአርመን ቤተ ክርስቲያን በአንድ የእምነት ቤተሰብ ውስጥ ናቸው፤ በ1965 የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ የአርመኑ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቫዝገን መጥተው ነበር። ስለዚህ የቫርዳንን በዓል ስሰማ የሩቅ ሰው ወሬ አይመስለኝም።

መንግሥት የሌለው ሕዝብ ጀግናውን የት ያስቀምጠዋል? ቤተ መንግሥት የለው፣ የጦር አካዳሚ የለው። የሚያስቀምጠው በቤተ ክርስቲያን የበዓላት አቆጣጠርና በእናቶች አፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የምታከብረው ሰማዕትን ነው። ተደራዳሪን ቅዱስ የምታደርግበት ሥርዓት የላትም። እኔ እንደማምነው የአርመን ጀግና መልክ የተቀረጸው እዚህ ላይ ነው። በሕይወት የተመለሰ ሰው ነገ ሊሳሳት፣ ሊሸነፍ፣ ሊሸጥ ይችላል። ለሃይማኖቱ የወደቀውን ግን ማንም ገዥ ሊወስድባቸው አይችልም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። አንድራኒክ ኦዛንያን በ1865 ሻቢን ካራሂሳር በተባለች የኦቶማን ከተማ ተወለደ። ፌዳዪ ሆነ፤ አርመኖች በየተራራው ይዋጉ የነበሩትን አርበኞቻቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው። በ1901 ሙሽ አጠገብ በሚገኘው የቅዱሳን ሐዋርያት ገዳም ከጥቂት ተዋጊዎች ጋር ገብቶ በኦቶማን ጦር ተከበበ፤ ለሳምንታት ከመከተ በኋላ በሌሊት ሾልኮ አመለጠ። በባልካን ጦርነት ከቡልጋሪያ ወገን ተሰልፏል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአርመን በጎ ፈቃደኞችን መርቷል። በ1915ቱ የዘር ጭፍጨፋ ያ ሕዝብ ሲያልቅና ሲበተን የአንድራኒክ ፎቶግራፍ በየስደቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ እልቂት ከተረፉት ልጆች አርባዎቹን ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ አምጥተው የሙዚቃ ጓድ እንዳቋቋሙባቸው፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙራችንን እንደ ደረሰልን ታውቃላችሁ። አንድራኒክን የሚያነግሠው ሕዝብ እንዲህ ያለ ነው፤ አባቱን የቀበረበትን እንኳ የማያውቅ ልጅ የበዛበት ሕዝብ።

በ1918 ግንቦት የኦቶማን ጦር ወደ ዬሬቫን ሲገሰግስ አርመኖች ሳርዳራፓት ላይ ገጥመው መለሱት። ካቶሊኮስ አምስተኛ ጌዎርግ ከመንበራቸው ከኤችሚያድዚን እንዲሸሹ ቢለመኑ እምቢ አሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናት ደወል ተደወለ፤ ገበሬው፣ ቄሱ፣ ሴቱ ለወታደሩ ስንቅና ውኃ ይዞ ወጣ። ግንቦት 28 ሪፐብሊክ ታወጀ። በሳምንቱ ግን፣ ሰኔ 4፣ አዲሱ መንግሥት ባቱሚ ላይ ከኦቶማኖች ጋር ውል ፈረመ። ውሉ ለአርመን ያስቀረላት ጠባብ መሬት ብቻ ነበር። ከፈራሚዎቹ አንዱ የትብሊሲ ከንቲባ የነበረው አሌክሳንድር ኻቲስያን ነው።

አንድራኒክ ውሉን አልተቀበለም። ለሪፐብሊኩም አልታዘዝም አለና ወታደሮቹንና በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችን አስከትሎ ወደ ዛንጌዙር ተራሮች ሄደ። በ1919 ጦሩን ሲበትን መሣሪያውን ያስረከበው ለመንግሥት ሳይሆን ለካቶሊኮሱ ነው። ከአገር ወጣ፤ የመጨረሻ ዓመታቱን በካሊፎርኒያ ኖሮ በ1927 ሞተ። ፍሬዝኖ ላይ ተቀበረ፤ በዓመቱ አፅሙ ወደ አርመን እንዲሄድ ቢፈለግም ሶቪየቶች አልፈቀዱምና ፓሪስ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ገባ። እዚያ ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ በ2000 የካቲት ወር ዬሬቫን ደረሰና ዬራብሉር በተባለው ኮረብታ ላይ አረፈ። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተቀበረ።

ኻቲስያንስ? በ1920 ታኅሣሥ የአሌክሳንድሮፖልን ውልም የፈረመው እሱ ነው። ሁለት ጊዜ አገሩ ተንበርክካ ሳለች እስክሪብቶውን ያነሣ ሰው ነው። በስደት ሞተ። ስሙን ዛሬ የሚያነሣው ታሪክ አጥኚ ነው እንጂ ሕፃን ልጁን የሚያስተኛ አባት አይደለም። ባቱሚ ባይፈረም ያቺ ገና የተወለደች ሪፐብሊክ የኦቶማንን ቀጣይ ዘመቻ ትቋቋመው ነበር ወይ? ረሃብና ተስቦ ሕዝቡን እየጨረሰው፣ ጥይቱ እያለቀ? አይመስለኝም። ሪፐብሊኩን ሳርዳራፓት ወለደው፤ ባቱሚ ደግሞ የሁለት ዓመት ዕድሜ ገዛለት። ሐውልቱ ግን የሳርዳራፓት ብቻ ነው።

ስለ ሐውልቱ ትንሽ ልቆይበት። የሳርዳራፓት መታሰቢያ የተከፈተው በ1968 በሶቪየት ዘመን ነው፤ መሐንዲሱ ራፋኤል ኢስራኤልያን ነው። በቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠሩ ግዙፍ ኮርማዎች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ደወሎች የተንጠለጠሉበት ከፍ ያለ ግንብ አለ። በድንጋይ ንስሮች መካከል የሚያልፈው መንገድ ወደ መታሰቢያ ግድግዳ ያደርሳል። የአንድም ጄኔራል ምስል በዚያ ፊት አይገዝፍም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በውጊያው ከመሩት አንዱ የሆነውን ሞቭሴስ ሲሊክያንን ያው የሶቪየት መንግሥት በ1937 ረሽኖታል፤ ዳንኤል ቤክ ፒሩምያንንም ቦልሼቪኮች ገድለውታል። የመሪዎቹን ስም ከፍ ማድረግ ያስጠይቅ ነበርና መሐንዲሱ ኮርማና ደወል አቆመ። ሕዝቡ ግን የደወሉ ነገር ገባው፤ ያ ደወል በ1918 የተደወለው ነው።

ይኸው ኢስራኤልያን ቀደም ሲል ዬሬቫን ኮረብታ ላይ የስታሊን ሐውልት የሚቆምበትን ግዙፍ መሠረት ነድፎ ነበር፤ ውስጡን ያሠራው በአርመን ቤተ ክርስቲያን አምሳል ነው። ስታሊን በ1962 ወረደ፤ በ1967 ሰይፍ የያዘች እናት አርመን በቦታው ቆመች። ከሥሯ ያለው ያ ቤተ ክርስቲያን የመሰለ አዳራሽ ዛሬ የጦር ሙዚየም ነው። በሶቪየቱ ዘመን የተፈቀደው ጀግና ማርሻል ሆቭሃንነስ ባግራምያን ነበር፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አዛዥ። ሞስኮ በናዚ ላይ ስላገኘው ድል አከበረችው፤ አርመኖች ደግሞ በወጣትነቱ ሳርዳራፓት ላይ መዋጋቱን እየጨመሩ አወሩለት።

ጋሬጊን ንዥዴህን ሞስኮ በጭራሽ አትፈቅደውም ነበር። በ1921 የሲውኒክን ተራሮች ለሶቪየቶችም ለአዘርባይጃንም አላስረክብም ብሎ የተዋጋው ይህ ሰው በ1955 በሩሲያ ቭላዲሚር እስር ቤት ሞተ። በ1983 ጥቂት ሰዎች አፅሙን ከዚያ አውጥተው በድብቅ ወደ አርመን አመጡ፤ በ1987 በስፒታካቮር ገዳም አጠገብ ተቀበረ። ሐውልቱ ዬሬቫን መካከል በ2016 ቆመ። ነገር ግን ንዥዴህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚ ጀርመን ጋር ተባብሯል። ከቱርክ ጥቃት አርመንን ለማዳን ነው የሚለውን መከራከሪያ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም አልተዋጠልኝም። የሲውኒክን ተራሮች ስላዳነ የሚመሰገን ሰው ከሂትለር ጋር ስለሠራው ሥራ ሊጠየቅም ይገባዋል፤ የአንዱ እውነትነት ሌላውን አይሰርዘውም። አንድራኒክም በዛንጌዙር ቆይታው ጦሩ የሙስሊም መንደሮችን አጥፍቷል። እዚያ ልጇን የቀበረች እናት ስለ እሱ የምትነግረን ታሪክ ሌላ ነው፤ የእሷም ታሪክ ነው።

ይህ ነገር በይበልጥ የሚከብደው ሞንቴ ሜልኮንያን ላይ ነው። በ1957 ቪሴሊያ፣ ካሊፎርኒያ ተወለደ። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂ ተማረ፤ ኦክስፎርድ ተቀብሎት ሳለ ትቶ ወደ ቤሩት ሄደ። በስደተኛ አርመኖች የምስጢር ታጣቂ ድርጅት ውስጥ ገባ። በ1980 አቴንስ ላይ በተኮሰው ጥይት አንድ የቱርክ ዲፕሎማትና የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ሞተዋል፤ ይህን የገዛ ወንድሙ በጻፈለት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሳይሸፋፍን ተርኮታል። ፈረንሳይ ታስሮ ከወጣ በኋላ ወደ አርመን መጣ፤ አርመኖችና አዘርባይጃን ካራባህ በተባለ ምድር በተዋጉበት ጦርነት የማርቱኒ ግንባር አዛዥ ሆነ፤ ወታደሮቹ አቮ ይሉታል። የካቲት 1992 ኾጃሊ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአዘርባይጃን ሲቪሎች ሲገደሉ ድርጊቱን አወገዘ፤ በእሱ ትእዛዝ ሥር ያለ ወታደር ሲቪል እንዳይነካ አጥብቆ ይከለክል ነበር። ሰኔ 12 ቀን 1993 በአግዳም አካባቢ ተገደለ። ቀብሩ ላይ የአገሪቱ ፕሬዝዳንት ሳይቀሩ ሕዝቡ ጎርፎ ወጣ፤ በ1996 የአርመን ብሔራዊ ጀግና ተባለ።

ሞንቴን በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ብቻ የሚያውቀው ልጅ ስለ አቴንሷ ልጅ አይሰማም። መስማት አለበት እላለሁ። ሞንቴ በኋላ ሲቪል እንዳይነካ የከለከለው ምን ከብዶት እንደሆነ የሚገባው ያኔ ነው፤ ያን ሳያውቅ የሚያከብረው ሞንቴ ግማሽ ሰው ነው።

ዬራብሉር ከዬሬቫን ዳር ያለ ኮረብታ ነው። ከካራባህ ጦርነት ጀምሮ የወደቁ ወታደሮች የሚያርፉበት ነው። አንድራኒክም፣ ሞንቴም፣ በ1999 ፓርላማ ውስጥ የተገደለው ጠቅላይ ሚኒስትር ቫዝገን ሳርግስያንም እዚያ ናቸው። በጥቁር ድንጋይ ላይ የሟቹ መልክ ተቀርጿል፤ ወታደራዊ ልብሱ፣ አንዳንዴ ፈገግታው ሳይቀር። እናቶች መጥተው ዕጣን ያጤሳሉ፣ ድንጋዩን ያጥባሉ፣ አበባውን ይቀይራሉ። ከአዘርባይጃን ጋር በ2020 ከተደረገው የአርባ አራት ቀን ጦርነት በኋላ ኮረብታው ባንዲራ በባንዲራ ሆነ፤ በዚያ ጦርነት ከአርመን ወገን ከ3,800 በላይ ወታደሮች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ብሔራዊ ውትድርና ላይ የነበሩ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። ቫርዳን ብሎ ልጁን የሰየመ አባት ቫርዳንን ሲቀብር ማየት ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዳችሁ አስቡት።

ጦርነቱ የቆመው ኅዳር 10 ሌሊት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኒኮል ፓሺንያን በፈረሙት ስምምነት ነው። በዚያው ሌሊት የተቆጣ ሕዝብ የመንግሥት ሕንፃዎችን ሰብሮ ገባ፤ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ክፉኛ ተደበደቡ፤ ከሃዲ የሚለው ጩኸት አደባባዩን ሞላው። የፓሺንያንን አመራር ለመንቀፍ በቂ ምክንያት አለ፤ ስለ ዝግጅቱም ስለ አያያዙም። ያ ጩኸት ግን ስለ አያያዝ አልነበረም። መፈረሙ ራሱ ነበር ወንጀሉ። ሕዝቡ ከልጅነቱ የተማረው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ቫርዳንና ቫሳክ። ሦስተኛ ሰው አላስተማሩትም።

ስምምነቱ ለአዘርባይጃን እንዲመለሱ ካደረጋቸው ወረዳዎች አንዱ ኬልባጃር ነው። በ2020 ኅዳር ከዚያ የሚወጡ አርመኖች ቤታቸውን ሲያቃጥሉ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል፤ የሟቾቻቸውን አፅም ቆፍረው በመኪና ጭነው የሄዱም ነበሩ። በ1993 ከዚያው ወረዳ በጦርነቱ የተፈናቀለው የአዘርባይጃን ሕዝብ ደግሞ የቀበረውን ይዞ ለመሄድ ፋታ አላገኘም ነበር። መስከረም 2023 ሲመጣ ከካራባህ ከመቶ ሺህ በላይ አርመኖች በቀናት ውስጥ ለቀው ወጡ።

ሦስተኛውን ሰው አሁን ልንገራችሁ። ከአቫራይር በኋላ የቫርዳን ወንድም ልጅ ቫሃን ማሚኮንያን በፋርሶች ላይ ተነሣ። እንደ አጎቱ ነገሩን ሁሉ በአንድ ሜዳ ውጊያ ላይ አልጣለም፤ በየተራራው እየመታ፣ እያፈገፈገ ለዓመታት ቆየ። ወንድሙን በጦርነቱ አጥቷል። የፋርስ ንጉሥ በሌላ ጦርነት ሲሞትና ቤተ መንግሥቱ ሲናወጥ ጊዜው መድረሱን ዐወቀ፤ በ484 ንቫርሳክ በተባለ መንደር ከፋርስ መልእክተኛ ጋር ተቀመጠ። ያቀረበው ሦስት ነገር ነበር። ሃይማኖታችንን ተዉልን፣ ማንም ለሹመት ብሎ እሳት አምላኪ አይሁን፤ ሰው በሥራው እንጂ በወሬ አይመዘን፤ ንጉሡ ስለ እኛ በራሱ ዓይን አይቶ፣ በራሱ ጆሮ ሰምቶ ይፍረድ። ተቀበሉት። ቫርዳን የሞተለትን ነገር ቫሃን ፈርሞ አመጣው፤ በኋላም የአገሩ ገዥ ሆኖ ተሾመ።

በዬሬቫን ስለ ትምህርት መጽሐፍ ትልቅ ክርክር አለ። መንግሥት በ2024 የትምህርቱን ስም ከአርመኖች ታሪክ ወደ አርመን ታሪክ ቀይሯል፤ ተቃዋሚዎቹ ይህ ስደተኛውንና የጠፋውን አገር ለመርሳት ነው ይላሉ። ጥርጣሬያቸው ይገባኛል። ቫርዳንን ከመጽሐፉ ማንሣት የሚፈልግ ካለ እኔም ከሚቃወሙት ጋር ነኝ። ግን ጋዛር ፓርፔትሲ የጻፈው መጽሐፍ በቫርዳን ሞት እንደማያልቅ ተከራካሪዎቹ ያውቁታል። መጽሐፉን ያጻፈው ቫሃን ራሱ ነበር፤ ትረካውም አቫራይርን አልፎ፣ የተራራውን ዓመታት አልፎ፣ ንቫርሳክ ደርሶ፣ ቫሃን በሹመት ተመልሶ ከሕዝቡ ጋር ቤተ ክርስቲያን እስኪገባ ድረስ ይሄዳል። የአርመን መምህራን ልጆቹን እዚያ ገጽ ድረስ ያንብቡላቸው ነው የምለው።